የታሰረው ወፍጮ

ባለፈው በጋ ከአርብ ገበያ በላይ ባለው ጋራችን ላይ ወጣቶች መጥተው ቀጭን የብረት ምሰሶ ተከሉ። በየአቅጣጫው በሽቦ ወጥረው፣ ጫፉ ላይ ጭልፋ የሚመስሉ የሚሽከረከሩ ነገሮች አስረው ሄዱ። የነፋሱን ጉልበት ለመለካት ነው ተባለ። ከመንደሩ ሰዎች አንዱ፣ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ «እዚች ቦታ ላይ ድሮ የነፋስ ወፍጮ ነበረ» ብሎ ነገራቸው። ወጣቶቹ ገርሟቸው ምን እንደ ደረሰበት ጠየቁት። «ሴትዮዋ በኪዳነ ምሕረት ቀን ፈጨችበትና ነፋሱ ገነደሰው» አላቸው።

ሴትዮዋ እኔ ነኝ።

ወሬውን የነገረችኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ በስልክ፣ እየሳቀች። «ታሪክ ሆንሽ እኮ አክስቴ፤ በስልካቸው ቀርጸውሻል» አለችኝ። እኔ አልሳቅሁም። ከጋይንት አስወጥቶ መካነ ኢየሱስ ያስቀመጠኝ ይኸው ወሬ ነው። እስካሁን ዝም ብዬ የኖርኩት የምናገረው ስላጣሁ አይደለም፤ የሚሰማኝ ስላጣሁ ነው። አሁን ግን የሰው ወሬ በስልክ የሚቀመጥ ከሆነ፣ የኔም በወረቀት ይቀመጥ። ስም አልጠራም። ሰዎቹ ልጆች አሏቸው፤ ልጆቹ ምንም አላደረጉኝም።

የነፋስ ወፍጮ ከጥንት ጀምሮ የኖረባቸው አገሮች እንዳሉ ሰምቻለሁ። የኛ አገር ከነሱ አይደለም። ነፋሱ ግን አለን። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ከምሥራቅ፣ ከገደሉ ሥር ሽቅብ ይነሣል። እንደ ሌላው አገር ነፋስ አይዟዟርም፤ በመጣበት ይመጣል። በአውድማ ላይ ገብሱን ከገለባው ይለይልናል፤ ከዚያ በኋላ ቀን ከሌት ያለ ሥራ ሲነፍስ፣ የቤት ክዳን ሲያነሣ፣ የሰው ዓይን በአፈር ሲሞላ ይከርማል። ከአባቶቻችን አንድም ሰው ሌላ ሥራ ልስጠው ብሎ አላሰበም። ለምን ያስባል? እህል የሚፈጨው ወንድ አይደለም።

በድንጋይ የፈጨች ሴት መፍጨት ምን እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልጋትም፤ ጉልበቷና ትከሻዋ ይናገራሉ። ከመንደራችን በታች ባለው ወንዝ የባሌ አባት ያቆመው የውሃ ወፍጮ ነበረ። ክረምት ሲገባ ይነሣል፤ ኅዳር ሲያልፍ ወንዙ ይደርቅና ድንጋዩ ላይ ዝንጀሮ ይቀመጥበታል። የሞተር ወፍጮ አርብ ገበያ ነበር። በአህያ ጭነን፣ ቁልቁለቱን ወርደን ዳገቱን ወጥተን ስንደርስ «ናፍጣ የለም» ተብለን የምንመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። እንግዲህ በጋውን ሙሉ፣ እህሉ በሞላበት ወቅት፣ ወደ ድንጋያችን እንመለሳለን ማለት ነው።

ባሌ ወታደር ነበር። መንግሥት ተለውጦ ጦሩ ሲበተን በእግሩ ተጉዞ ተመለሰ። ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር አንድ ሐሳብ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከሰፈሩበት ካምፕ አጠገብ በነፋስ እየዞረ ውሃ የሚያወጣ ማሽን ነበረና፣ ዘብ ሲቆም ሲያየው ኖሯል። ወታደር ከመሆኑ በፊት አናጢ ነበር። «ውሃ ካወጣ ድንጋይ ለምን አያዞርም?» ይለኝ ነበር። እኔም «ድንጋዩን ከየት ታመጣለህ?» አልኩት።

ድንጋዩ የታላቅ ወንድሙ ነበር። የአባታቸውን የውሃ ወፍጮ የወረሰው እሱ ነው። በሰበካ ጉባኤ ተመርጦ ቤተ ክርስቲያኑን የሚያገለግል፣ የተከበረ ሰው ነበር፤ ዛሬም የተከበረ ነው። ባሌ ሄዶ ድንጋዮቹን በበጋ ልውሰዳቸውና ክረምት ሲገባ ልመልሳቸው ብሎ ለመነው። ወንድሙ ሳቀና «ከዝንጀሮ አንተ ትሻላለህ፣ ውሰድ» አለው። እንዲህ ሆኖ በሳቅ ተሰጠን።

ባሌ ባሕር ዛፍ ቆርጦ ረጅም ምሰሶ አቆመ። ከወይራ ጥርስ ያለው ጎማ ጠረበ። አራት ክንፍ ሠራ፤ ክንፎቹ ላይ የሚወጠር ጨርቅ ግን አልነበረንም። በችግሩ ዘመን የእርዳታ ስንዴ የመጣባቸው ጆንያዎች በየቤቱ ነበሩ። እነሱን ለቅሜ፣ አጥቤ፣ በጆንያ መርፌ እየሰፋሁ ክንፉን አለበስኩት። ይህንን የሠራሁት እኔ ነኝ። ወፍጮው በባሌ ስም ቢጠራም ልብሱ የኔ እጅ ነበር። አንድ ጎረቤታችን ጆንያዎቹ ተሰፍተው ሲያይ ባሌን «ስንዴ ሞልቶበት ሲመጣ በልተነዋል፤ ባዶውን ደግሞ ነፋስ ሞልተህ ልታበላን ነው?» አለው። መንደሩ ሳምንት ሙሉ በዚህ ሳቀ።

ከዚያ ዞረ። እኔ ሳቃቸውን የማስታውሰውን ያህል፣ የዞረ ዕለት ዝም ማለታቸውንም አስታውሳለሁ።

ሁለት በጋ ሠራ። ባሌ ጥርሱ ሲሰበር ይጠግናል፤ እህል የማፈሰው፣ ተራ የማስጠብቀው፣ ዱቄት የማወጣው እኔ ነበርኩ። ከወገዳ በኩል ከስማዳ ሳይቀር ሴቶች አህያ ነድተው መጡ። ተራቸው እስኪደርስ ጆንያቸውን ተደግፈው ተኝተው ያንኮራፉ ነበር። አንዷ «እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከተዳርኩ ወዲህ አልተኛሁም» ብላ አስቃናለች። ያቺ ሴት በኋላ ካወገዙኝ አንዷ ናት።

ክረምት ሲገባ ድንጋዮቹን እንደ ቃላችን ወደ ወንዙ መለስናቸው። ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ሰዉ የኛን «ወፍጮው» ማለት ጀመረ፤ ያባታቸውን ደግሞ «የወንዙ» ይለው ጀመር። ልብ ያላለ ሰው ይህ ምንም አይደለም ይላል። የባሌ ወንድም ግን ልብ ይላል። አንድ ቀን በፊቱ አንዲት ሴት «የወንዙ ዱቄት አሸዋ አለው» ብትል፣ «ነፋስስ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያውቃል?» ሲላት ሰማሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሆነውን እጠብቅ ነበር።

ነገሩ ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ በመጀመሪያው በጋ፣ በበዓል ተነሥቶ ነበር። በበዓል ቀን መፍጨት እንደማይገባ የሚያስተምረን ሰው አያስፈልገንም። ባሌ በበዓል ድንጋዩን አንሥቶ እህል አያስገባም ነበር፤ ክንፉ ግን ባዶውን ይዞራል። ከቅዳሴ ሲወጣ ሰው ቀና ሲል ያየዋል። ሽማግሌዎቹ በደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። እኔም ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብዬ ቆሜ እሰማ ነበር።

«ሲዞር እያየነው አረፈ ማለት ምንድነው?» አለ የባሌ ወንድም።

«ነፋሱ ነው እንጂ እኔ አላዞርኩት» አለ ባሌ።

«ነፋሱማ የፈጣሪ ነው። ጆንያው ግን የናንተ ነው።»

አንድ ሽማግሌ «ወንዝስ በበዓል ይፈስ የለም ወይ?» ቢል፣ «የኔን ወፍጮ ውሃውን ገድበን ሌላ መንገድ እንሰጠዋለን። ይሄንንስ?» ብሎ መለሰለት። ሰው ራሱን ነቀነቀ። እውነትም የውሃው ይገደብ ነበር። በመጨረሻ የዋዜማው ደወል ከመደወሉ በፊት ክንፉ በጠፍር ይታሰር፣ አሳሪውም ከሰበካው አንድ ሰው ይሁን ተባለ። አሳሪ ሆኖ የተመረጠው የባሌ ወንድም ራሱ ነው።

ይህንን ውሳኔ ያስወሰኑ ወንዶች አንዳቸውም ክንፉን በእጃቸው ነክተውት አያውቁም። ጆንያ የለበሰ ክንፍ ከታሰረ ነፋሱ አይቆምም፤ ይገፋዋል። የሚዞር ክንፍ ጉልበቱን በመዞር ያወጣዋል፤ የታሰረ ግን ምሰሶው ላይ ያሳርፈዋል። ስለዚህ ባሌ ሁልጊዜ መጀመሪያ ጆንያውን ከክንፉ ይፈታል፣ ከዚያ ወንድሙ መጥቶ ያስራል። ጆንያው በብዙ ቦታ ስለሚታሰር መፍታቱ ጊዜ ይወስዳል። አንዱን ክንፍ ወደ ታች አውርዶ ይፈታል፣ ያዞረዋል፣ ሌላውን ይፈታል። ወንድሙ ቆሞ ያየው ነበርና አላውቅም ሊል አይችልም።

በሁለተኛው በጋ፣ በየካቲት፣ የደብራችን የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ደረሰ። ባሌ ለአንድ የሠራዊት ጓደኛው ለቅሶ ወደ ስማዳ ሄዶ ነበር። በዋዜማው ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ፣ የቀሩትን ሴቶች መልሼ ወፍጮውን አቆምኩ። የመጨረሻው ዱቄት በቅርጫቱና በድንጋዩ ዙሪያ ቀርቷል፤ ከበዓሉ በኋላ እወስደዋለሁ ብዬ ተውኩት። ወደ ባሌ ወንድም አንድ ልጅ ላክሁ፤ ክንፉን የሚይዝልኝ ሰው ይስጡኝ፣ ጆንያውን ልፍታ ብዬ። «እመጣለሁ» አለ። አልመጣም። ለብቻዬ ጀመርኩ። አንዱን ክንፍ ፈትቼ ሁለተኛውን ወደ ታች ላወርድ ስል ደወሉ ተደወለ። እሱም ጠፍሩን ትከሻው ላይ ጥሎ ደረሰ።

«እጅሽን አንሺ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ሦስቱ ክንፍ ለብሷል። ከነልብሱ ከታሰረ ይሰበራል። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።»

«ደወሉን አልሰማሽም? በዓሉ ገብቷል።»

«እስካሁን ስጠብቅዎት ነበር እኮ።»

«እኔን አትጠብቂ። በዓሉን ጠብቂ።»

ክንፉን ከነልብሱ ከምሰሶው ጋር ጠፍሮ አሰረው። ጥሩ አሳሪ ነው፤ ይህንን አልክደውም። ቋጠሮውን በእግሩ ረግጦ አጠበቀው።

በማግሥቱ ታቦቱ ሲወጣ ነፋሱ የካህናቱን ጥላ ይገለብጥ ነበር። ወጣቶች እየዘፈኑ፣ ሴቶች እልል እያሉ፣ እኔ ዓይኔ ጋራው ላይ ነው። ምሰሶው ጎብጦ ሲመለስ ከሩቅ ይታየኛል። እንደ ምንም ሰው ጥሼ የባሌን ወንድም እጀ ጠባቡን ያዝኩት።

«ጋሼ፣ በቢላ ጆንያውን ብቻ ልቅደደው። ጆንያው ይጥፋ፣ ምሰሶው ይትረፍ።»

«በኪዳነ ምሕረት ቀን፣ ታቦት ቆሞ፣ ቢላ ልትይዢ?»

«አይ፣ እርስዎ ይፍቀዱልኝና ሌላ ሰው ይሂድ።»

«ሂጂና ከሴቶቹ ጋር ቁሚ» አለኝ። ሰው እየሰማ ስለሆነ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የተናገረው።

ከሴቶቹ ጋር ቆምኩ። ታቦቱ ሳይመለስ ወፍጮው ተገነደሰ። ጠፍሩ አልተበጠሰም። ቢበጠስ ኖሮ ክንፉ ዞሮ ይተርፍ ነበር። ጠፍሩ ስለያዘ ምሰሶው ከሥሩ ተሰብሮ በድንጋዩ ላይ ወደቀና የላይኛው ድንጋይ ለሁለት ተከፈለ።

ሰዉ ከንግሥ ሲመለስ ሊያይ ወጣ። ቅርጫቱ ተገልብጦ የዋዜማው ዱቄት በሣሩ ላይ ተበትኖ ነበር። ነጭ፣ ትኩስ ይመስላል። አንዷ «ዛሬ ተፈጭቶበታል ማለት ነው?» አለች። ሌላዋ ትናንት ከደወል በኋላ እጄን ክንፉ ላይ እንዳየች ተናገረች። ሰው ሁሉ ወደ ባሌ ወንድም ዞረ። እሱ ያውቃል። በገዛ እጁ አስሮታል፤ ጠፍሩም እንዳሰረው እዚያው ክንፉ ላይ ነበር፣ ቋጠሮው ሳይፈታ። የታሰረ ወፍጮ አይፈጭም። ይህን ለማወቅ አናጢ መሆን አያስፈልግም። አንድ ቃል ብቻ ይበቃኝ ነበር።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። «ዱቄቱ ይናገራል።»

በቃ። ዱቄቱ ተናገረ ተባለ።

ቀኖና ተቀበይ ተባልኩ። ያላደረግሁትን ንስሐ አልገባም አልኩ። ትዕቢተኛ አሉኝ። በየወሩ ከምንጠጣው የሴቶች ማኅበር ጽዋ ተሻገረኝ፤ ለግራና ለቀኝ ጎረቤቴ እየደረሰ እኔን ያልፈኛል። ለለቅሶ የወሰድኩት እንጀራ ከነመሶቡ ሳይነካ ተመለሰ። ክፉ ቃል የተናገረኝ ጥቂት ነው። ግን አብሬያቸው ውሃ ስቀዳ ወሬያቸውን ያቆማሉ። እነዚህ ሴቶች ሁለት በጋ ጉልበታቸውን ከድንጋይ ያዳንኩላቸው ናቸው። እንደገና ወደ ድንጋያቸው ሲመለሱ የጠሉት ድንጋዩን አይደለም።

ባሌ ከስማዳ ሲመለስ ሁሉን ነገርኩት። ወደ ወንድሙ ሄደና አምሽቶ ተመለሰ። «ምን አለህ?» አልኩት። «ሚስትህን ጠይቅ አለኝ» አለ። «አንተስ ምን አልከው?» «ወንድሜ ነው» አለኝ። አመነኝ፤ ያንን አውቃለሁ። ጠፍሩን ራሱ ነው ከፍርስራሹ የፈታው፣ ቋጠሮውን አይቶታል። ማመኑን ግን ለኔ ብቻ ነገረኝ። በመንደር ፊት ያልተነገረ እምነት ለኔ ምን ያደርግልኛል? መካነ ኢየሱስ ይዞኝ መጣ፣ የሰው ቤት በርና መስኮት እየሠራ አኖረኝ፣ ጥሩ ባል ነበር። እስኪሞት ድረስ ስለ ወፍጮው አላነሣም። እኔም በመቃብሩ ላይ አላነሣሁበትም። እዚህ ግን አንሥቼዋለሁ።

እኔ እስከ ስምንተኛ ተምሬ ስለነበር መካነ ኢየሱስ ውስጥ ፊደል እያስቆጠርኩ ኖርኩ። ዓመታት አለፉ።

ዘንድሮ ፋሲካ ሲያልፍ ሦስት ሽማግሌዎች በሬን መቱ። አንደኛው ቄስ ናቸው። ውሃ ሰጠኋቸው፤ አረፍ አሉ። የባሌ ወንድም ታሟል፣ አልጋ ይዟል፣ የንስሐ አባቱ ከተጣላሃቸው ሳትታረቅ አላቆርብህም ብለውታል አሉኝ።

«እንግዲህ እትዬ» አሉ ቄሱ፣ «እርስ በርሳችሁ ይቅር ተባባሉ። ይቅር ለእግዚአብሔር ይበሉት፣ እሱም ይላል።»

«እኔ ይቅር የምለው ምኑን ነው አባ?»

«የሆነውን ሁሉ።»

«የሆነውን ማን አደረገው?»

ሁለተኛው ሽማግሌ ጣልቃ ገባ። «ነገር አይቆፈርም እኮ እትዬ። በዕርቅ ጊዜ ማን ምን አደረገ አይባልም። ሁለታችሁም ሰዎች ናችሁ።»

«እርስ በርስ ይቅር ከተባባልን እኔም በድያለሁ ማለት ነው። ይሄንንማ ሴቶቹ ሲሉኝ ኖረዋል። እናንተስ አውቶቡስ የተሳፈራችሁት ይህን ለመድገም ነው?»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት?» አሉ ቄሱ። አልተቆጡም፤ የምር ጠየቁኝ።

«ወሬው የተጀመረው በሰው ፊት ነው። በሰው ፊት ያድርገው። ቤቱ ውስጥ፣ አልጋው ላይ፣ ለኔ ብቻ አይደለም። ንግሥ በሚከበርበት ቅጥር፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ።»

«የታመመ ሰው ነው እኮ።»

«እኔስ ጤነኛ ሆኜ ነው እዚህ የመጣሁት?»

ተመካክረው ሄዱ። ሁለት ሳምንት አልፎ ቄሱ ደወሉ። «እሺ ብሏል» አሉኝ። አላመንኳቸውም፤ ግን ነጠላዬን አጥቤ በደብረ ታቦር በኩል ዞሬ ሄድኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠው ተሸክመው አወጡት። ከስቷል። ጋቢው ውስጥ ጠፍቷል። ሰው ከበበ። ካህኑ «ተናገር» አሉት። ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ አላደረገም፤ ይህንን ልመሰክርለት ይገባል።

«ያኔ ወፍጮውን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ከነጆንያው ነው ያሰርኩት። ልፍታ ብትለኝ ከለከልኳት። በማግሥቱ ሲወድቅ ጠፍሬ እንደታሰረ ነበረ። የታሰረ ወፍጮ ደግሞ አይፈጭም። ዱቄቱ የዋዜማ ነው። አውቅ ነበር። አባቴ ያቆመውን ወፍጮ ረሱብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩ።»

ከዚያ ጎንበስ ሊል ሞከረ፤ ደጋፊዎቹ ያዙት። «ይቅር በይኝ» አለኝ።

የጠበቅሁትን ሁሉ ተናግሯል። አንድም ቃል አላጎደለም። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩት። ከልቤ ይሁን አይሁን የማንም ጉዳይ አይደለም፤ ዋጋውን ከፍሏል፣ የሚገባውን ሰጠሁት።

ያልጠበቅሁት ቀጥሎ የመጣውን ነው። ሰዉ ማልቀስ ጀመረ፤ ለሱ። «እንዲህ ያለ ትሕትና!» አለ አንዱ። ጉልበቱን ይስሙ ነበር። ካህኑ ባረኩት፣ የኑዛዜን ጥቅም አስተማሩ፣ የሱ ስም ደጋግሞ ተጠራ። አንድ ሽማግሌ ወደኔ ዞር ብሎ «ዕድለኛ ነሽ፣ ትልቅ ሰው አጎነበሰልሽ» አለኝ። ዕድለኛ አለኝ።

ሰው ሲበተን የድሮዎቹ ሴቶች ወደኔ መጡ። አርጅተዋል፣ እኔም አርጅቻለሁ። በመቋሚያ የምትሄድም አለች። ከጆንያዋ ጋር ተኝታ ያሳቀችን ሴት ከፊታቸው ነበረች። ክንዴን ያዝ አድርጋ፣

«ተመስገን ነው፣ ተፈታልሽ። ማኅበሩ በሚቀጥለው ወር እኔ ቤት ነው። ነይና ጠጪ» አለችኝ።

«እኛንም ይቅር በይን እንጂ» አለች ሌላዋ ከኋላ፣ በፈገግታ፣ ጨው ልትበደር እንደመጣች።

«እናንተ ምን አደረጋችሁ?» አልኳት።

«ኧረ እንግዲህ! ያው የሆነውን ነው።»

«እሱ ያደረገውን ተናግሯል። እናንተም ተናገሩ፣ እሰማለሁ። ጽዋውን ማን አሳለፈው? እንጀራዬን ማን መለሰ?»

ተያዩ። ክንዴን የያዘችው ቀስ ብላ ለቀቀችኝ። «እኛማ ምን እናውቃለን፣ የተባለውን ሰማን እንጂ» አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። አንዷ ጠላዋ እንዳይበላሽባት ቶሎ መሄድ እንዳለባት ተናገረች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ምክንያታቸውን አገኙ።

ቅጥሩ ውስጥ ለብቻዬ ቆምኩ። ቄሱ መጥተው «ደስ አለዎት?» ብለው ጠየቁኝ። ስሜ እንደጸዳ ነገርኳቸው። ከዚያ በላይ አልመለስኩላቸውም። ለማኅበሩም አልሄድኩም።